የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የተማሪን ውጤት ያሻሽላልን? ጥናቶቹ ያሳዩትና ያላሳዩት

(ከዚህ በታች የቀረበው በፋኩልቲው ሕዝባዊ የገለጻ መርሐ ግብር ላይ የተሰጠ ንግግር ግልባጭ ነው። ለንባብ እንዲመች የቃል ድግግሞሾች ተቀንሰዋል።)



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ቀድሞ ያስተማርሁት፣ ዛሬ ከከተማ ራቅ ባለ ወረዳ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የሆነ ሰው ደወለልኝ። «መምህር፣ ከወላጆችና ከአካባቢው ተወላጆች የተዋጣ ገንዘብ አለን» አለኝ። «የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ቤተ መጻሕፍት ይሠራ ይላል፤ ግማሹ የክፍል ጥበት እያለብን ምን ቤተ መጻሕፍት ያስፈልገናል ይላል። ቤተ መጻሕፍት ውጤት ይጨምራል የሚል ጥናት ካለ በአንድ ገጽ ጽፈው ይላኩልኝ።»

ቀላል ነገር መስሎኝ ቃል ገባሁ። አንዷ ገጽ ሦስት ሳምንት ፈጀችብኝ። ምክንያቱ የጥናት እጥረት አልነበረም፤ በዚህ ርእስ ላይ ከስልሳ ዓመት በላይ ተጠንቷል። የቸገረኝ፣ ጥናቶቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ አለመምሰላቸው ነው። ዛሬ ያን ችግር ከእናንተ ጋር ልካፈል።

ከቀደምቶቹ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ሜሪ ጌቨር ሦስት ዓይነት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አነጻጸሩ። የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍታቸው በየመማሪያ ክፍሉ ተበትኖ የሚገኝ፣ ሁለተኛዎቹ መጻሕፍቱን በአንድ ክፍል ያሰባሰቡ ነገር ግን ባለሙያ ያልመደቡ፣ ሦስተኛዎቹ ደግሞ ቤተ መጻሕፍትም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያም ያላቸው ነበሩ። የተሻለ የትምህርት ዕድገት የታየው በሦስተኛዎቹ ዘንድ ነበር። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓይነት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰው መሆኑን በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ዞረን እንመጣበታለን።

ርእሱን በትምህርት ፖለቲካ አደባባይ ያቆመው ግን እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው የኮሎራዶ ጥናት ነው። ኪት ኬሪ ላንስና ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ከ221 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መረጃ ሰበሰቡ። በዚያን ጊዜ የነበረው ተቃውሞ ግልጽ ነበር፦ «ጥሩ ቤተ መጻሕፍት ያላቸው ሀብታም አካባቢዎች ናቸው፤ የሀብታም ልጆች ደግሞ ያለ ቤተ መጻሕፍትም ያልፋሉ።» ስለዚህ ላንስና ባልደረቦቻቸው የአካባቢውን የድህነት መጠን፣ የአዋቂዎቹን የትምህርት ደረጃ፣ ለአንድ ተማሪ የሚወጣውን ወጪ፣ የመምህርና የተማሪ ጥምርታን እና ሌሎችንም በስታቲስቲክስ ስሌት ውስጥ አስገቡ። ግኝታቸው ይህ ነበር፦ ውጤትን በመተንበይ ረገድ ከሁሉ የሚቀድመው ድህነትና ከእርሱ ጋር የተያያዙት ሁኔታዎች አለመኖራቸው ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የቤተ መጻሕፍቱ የሰው ኃይልና የመጻሕፍት ክምችት መጠን ነው።

ይህ ታላቅ ዐረፍተ ነገር ነው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በየምክር ቤቱ ይዘውት ቢወጡ አይፈረድባቸውም። ከዚያ በኋላ አላስካ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ኮሎራዶ ራሷ ለሁለተኛ ጊዜ፣ በጠቅላላው ከሃያ በላይ ክፍለ ግዛቶች ተመሳሳይ ጥናት አስጠኑ። ውጤታቸው በዝርዝር ቢለያይም አቅጣጫው አንድ ነበር። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ትኩረቱ ከመጻሕፍት ብዛት ወደ ባለሙያው ተግባር አዘነበለ፦ ባለሙያዋ ከመምህራን ጋር ትምህርት ታቅዳለችን? መረጃ ፍለጋን ራሷ ታስተምራለችን? ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈትበት ሰዓት ስንት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች አዎንታዊ መልስ ያገኙባቸው ትምህርት ቤቶች የተሻለ ውጤት ነበራቸው።

አሁን ወደ ጥርጣሬው ልግባ። የጥናት ዘዴ ትምህርት የወሰዳችሁ ተማሪዎች ጥያቄው አፋችሁ ላይ እንደደረሰ ይገባኛል፤ ዝምድና ምክንያት አይደለም። እኔ ግን ይህን ዐረፍተ ነገር እንደ ጸሎት ደግሞ ማለፍን አልወድም። በዚህ ጉዳይ ላይ በትክክል የት ላይ እንደሚሠራ ማሳየት አለብን።

አንደኛ፣ ድህነትን «ተቆጣጥረናል» ስንል የተቆጣጠርነው የለካነውን ያህል ብቻ ነው። በአሜሪካ ጥናቶች ድህነት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው የነጻ ወይም የቅናሽ ምሳ ተጠቃሚ በሆኑ ተማሪዎች ድርሻ ነው። ሁለት ሰፈሮች በዚህ መለኪያ እኩል ሆነው፣ በአንዱ ያሉት ወላጆች የትምህርት ቤት ስብሰባ የማይቀሩ፣ በሌላው ያሉት በሁለት ፈረቃ ሥራ የተጠመዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ቤተ መጻሕፍት እንዲጠናከር የሚጮኸውም ልጁን ማታ የሚያስጠናውም ያው ወላጅ ነው። ሁለተኛ፣ ሙሉ ጊዜ ባለሙያ የሚቀጥር ርእሰ መምህር ሌላም ነገር በሥርዓት የሚያስኬድ ርእሰ መምህር ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የቤተ መጻሕፍቱ ጥንካሬ የጥሩ አስተዳደር ምልክት እንጂ በራሱ የውጤቱ ምንጭ ላይሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ የጥናቱ መለኪያ አሐድ ትምህርት ቤት እንጂ ተማሪ አይደለም። በትምህርት ቤት ደረጃ የታየ ዝምድና ቤተ መጻሕፍት የሚገባው ልጅ ከማይገባው ልጅ ይበልጣል ማለት አይደለም።

ስለ ቤት ውስጥ መጻሕፍት የተደረገው ጥናት ይህን ችግር አጉልቶ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2010 ማሪያ ኤቫንስና ባልደረቦቿ ከ27 አገሮች በተሰበሰበ መረጃ፣ 500 ያህል መጻሕፍት ባሉበት ቤት ያደጉ ልጆች መጽሐፍ ከሌለበት ቤት ከመጡት ይልቅ በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል የበለጠ እንደሚማሩ አሳዩ፤ ያውም የወላጆች ትምህርትና ሥራ በስሌቱ ውስጥ ገብቶ። ድንቅ ግኝት ነው። ነገር ግን በጭነት መኪና 500 መጻሕፍት አምጥተን አንድ ቤት ብናራግፍ የዚያ ቤት ልጅ ሦስት ዓመት ይጨምራል የሚል ሰው ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ተመራማሪዎቹም ይህን አላሉም፤ ስለ አንድ የቤተሰብ የንባብ ባህል ነው የተናገሩት። መጻሕፍቱ የዚያ ባህል ፍሬም ምልክትም ናቸው።

ስለ ኦሃዮ ጥናት አጭር ነገር ልበል፤ ብዙ ጊዜ ተጠቅሶ ስለማየው ነው። ሮስ ቶድና ካሮል ኩልታው በ39 ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 13,123 ተማሪዎችን ጠይቀው 99.44 በመቶ የሚሆኑት ቤተ መጻሕፍቱና አገልግሎቱ በሆነ መንገድ እንደረዳቸው መለሱ። ከመቶ ወደ መቶ የሚጠጋ ቁጥር ስናይ መደሰት ሳይሆን መጠራጠር ይቀናኛል። ትምህርት ቤቶቹ የተመረጡት ቤተ መጻሕፍታቸው ጠንካራ በመሆኑ ነው፤ መልሱም የተማሪዎቹ የራሳቸው ምስክርነት ነው። የጥናቱ ዋጋ ከቁጥሩ ይልቅ ልጆቹ እንዴት እንደተረዱ በገዛ ቃላቸው በመናገራቸው ላይ ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ነቅሎ የሚጠቅስ ሰው ጥናቱን ይበድለዋል።

ለጥርጣሬው ከፊል መልስ የሰጠ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንስና ሊንዳ ሆፍሺር በኮሎራዶ ከ2005 እስከ 2011 ባለው ጊዜ የባለሙያ ለውጥን ከንባብ ውጤት ለውጥ ጋር አነጻጸሩ። በዚያ ዘመን ብዙ ትምህርት ቤቶች በበጀት ምክንያት ባለሙያ ቀንሰው ነበር። ባለሙያቸውን የያዙ ወይም አዲስ የጨመሩ ትምህርት ቤቶች ካጡት የተሻለ የንባብ ውጤት አሳዩ። ለውጥን ከለውጥ ጋር ማነጻጸር አንድን ትምህርት ቤት ከራሱ ትናንት ጋር ማወዳደር ስለሆነ፣ የማይለወጡ የአካባቢ ልዩነቶች ከስሌቱ ይወጣሉ። ይህ መልካም እርምጃ ነው። ሆኖም ባለሙያ የተቀነሰበት ትምህርት ቤት ሌላም ነገር ተቀንሶበት ይሆናል። የአሜሪካ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዎችን ሰብስቦ የምክንያትና የውጤት ጥያቄን በግልጽ ማንሣቱን በበጎ አየዋለሁ። ለገዛ ሞያው የሚሟገት ማኅበር ማስረጃው ላይ ጥያቄ ሲያነሣ ማየት የተለመደ አይደለም።

አሁን ወደ ሙከራዎቹ። ለርእሰ መምህሩ የጀመርሁትን ገጽ የቀደድሁት እዚህ ላይ ስደርስ ነው።

በሕንድ ካርናታካ ክፍለ ግዛት አክሻራ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መርሐ ግብር ያካሂድ ነበር። ኢቫን ቦርኩም፣ ፋንግ ሂ እና ሊ ሊንደን ትምህርት ቤቶቹን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ አንዱ ወገን መርሐ ግብሩን እንዲያገኝ ሌላው እንዲጠብቅ አደረጉ። ዕጣ የሚጠቅመን ቅድም የዘረዘርኋቸውን ሰበቦች ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚያስወግድልን ነው፤ ትጉ ርእሰ መምህርም ሰነፍ ርእሰ መምህርም በእኩል ዕድል በሁለቱም ወገን ይገኛሉ። ከ16 ወራት በኋላ የቋንቋ ፈተና ተሰጠ። በ2012 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፦ መርሐ ግብሩ በውጤት ላይ ያመጣው ለውጥ የለም። ይህንም ያሉት በደካማ ናሙና አይደለም፤ ከ0.053 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የሚበልጥ ለውጥ አለመኖሩን ለማረጋገጥ የሚያስችል ጥራት ነበረው። ቁጥሩ ለማይታያችሁ እንዲህ ላስረዳ፦ ከመቶ ተማሪዎች መካከል 50ኛ ላይ ያለውን ልጅ ወደ 52ኛ ለማድረስ የሚበቃ ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ መጻሕፍት የሚያመጡ ባለሙያዎች በተመደቡበት ዘርፍ ደግሞ ውጤቱ እንዲያውም ቀነሰ።

ለምን? ተጓዡ ባለሙያ በመጣ ጊዜ መደበኛው የቋንቋ ክፍለ ጊዜ ተሻምቶ ይሆናል። ይህ የእኔ ግምት ነው። የአንድ ሰዓት ንባብ ዋጋ የሚታወቀው ያ ሰዓት ከምን ላይ እንደተወሰደ ሲታወቅ ነው፤ ይህን የሚጠይቅ የቤተ መጻሕፍት ዕቅድ በአገራችን እምብዛም አላየሁም።

ቤተ መጻሕፍት ባይሆንም ለእኛ ከሕንዱ ይበልጥ የሚቀርበን የኬንያው ጥናት ነው። ፖል ግለዊ፣ ማይክል ክሬመርና ሲልቪ ሙላን በገጠር ኬንያ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጻሕፍት በዕጣ እንዲሰጡ አድርገው ውጤቱን ለኩ። ጥናቱ በ2009 ታትሟል። መጻሕፍቱ የአማካዩን ተማሪ ውጤት አላሳደጉም። ውጤታቸው ያደገው ከመጀመሪያውም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ናቸው። ምክንያቱን ስታዩት ቀላል ነው፦ መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋ ነው። አብዛኛው ልጅ ሊያነበው አይችልም። ልጁ ሊያነበው የማይችለው መጽሐፍ በእጁ ቢገባም ለእርሱ ያው የለም።

ከሴራሊዮን የመጣው ጥናት ደግሞ ፈገግ አሰኝቶኛል፤ ፈገግታው ግን መራራ ነው። ሽዌትሌና ሳባርዋልና ባልደረቦቿ በ2014 እንዳቀረቡት፣ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች የላካቸው የመማሪያ መጻሕፍት በውጤት ላይ ለውጥ አላመጡም፤ አብዛኞቹ ከመጋዘን አልወጡምና። ርእሳነ መምህራኑ ሰነፎች ስለሆኑ አልነበረም። የሚቀጥለው ጭነት መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቁ ለክፉ ቀን አስቀመጡት። በእነርሱ ቦታ ብንሆን ምናልባት እኛም ያንኑ እናደርግ ነበር።

ተስፋ የሚሰጠው ማስረጃ ከፊሊፒንስ ይመጣል። በታርላክ አውራጃ በ100 ትምህርት ቤቶች ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የተካሄደውና በዕጣ የተፈተነው መርሐ ግብር ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይዞ ነበር፦ ለዕድሜያቸው የሚመጥኑ የታሪክ መጻሕፍት፣ ለመምህራን አጭር ሥልጠና እና ለ31 ቀናት በየቀኑ አንድ ሰዓት የንባብ እንቅስቃሴ። የንባብ ውጤት በ0.13 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን አደገ፤ 50ኛው ልጅ ወደ 55ኛ ገደማ ደረሰ ማለት ነው። ከሦስት ወር በኋላ ሲለካ ግን ወደ 0.06 ወርዶ ተገኘ። መድኃኒቱ ሠራ፤ ሲቋረጥ ኃይሉ ቀነሰ። ሕንድና ፊሊፒንስ ሁለቱም መጻሕፍት ሰጥተዋል። ልዩነቱ በታርላክ መምህሩ ራሱ በክፍለ ጊዜው ውስጥ ልጆቹን ማስነበቡ ነው ብዬ አምናለሁ። ጌቨር በ1963 በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓይነት ትምህርት ቤት መካከል ያገኙት ልዩነትም ይኸው ይመስለኛል፤ መጽሐፉን ከልጁ ጋር የሚያገናኝ ሰው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንምጣ።

በአገራችን «ቤተ መጻሕፍት» የምንለው ቃል ሁለት ነገር አጭቆ ይዟል፦ ሕንፃውንና አገልግሎቱን። ኢንስፔክተር ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ በግብዓት ዝርዝሩ ላይ ቤተ መጻሕፍት አለ ወይስ የለም ብሎ ይመዘግባል። ክፍሉ አለ፤ መደርደሪያው አለ፤ መጻሕፍትም አሉ። «አለ» ይባላል። በዚህ መረጃ ላይ ተመሥርተን ቤተ መጻሕፍት ያላቸውንና የሌላቸውን ብናነጻጽር የምናነጻጽረው ክፍሎችን ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብልኝ ደጋግሜ የማርመው ስሕተት ይህ ነው።

እኔ የተማርሁበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነበረው። መጻሕፍቱ ከባንኮኒ በስተጀርባ ነበሩ። የመጽሐፉን ስም ወረቀት ላይ ጽፈህ ትሰጣለህ፤ ስሙን ካላወቅህ ምንም አትጠይቅም። ስለዚህ ሁላችንም የምናውቀውን የመማሪያ መጽሐፍ እንጠይቅ ነበር። ብዙዎቻችን ደግሞ ምንም ሳንጠይቅ የራሳችንን ደብተር ይዘን እንገባለን፤ ጸጥታና ብርሃን አለና። ይህን አላቃልልም። ቤቱ ጠባብ፣ መብራቱ የሚጠፋ ለሆነ ልጅ ጸጥ ያለ ጠረጴዛ ትልቅ ነገር ነው፤ በውጤቱም ላይ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ይህ የጠረጴዛ ጥቅም እንጂ የመጽሐፍ ጥቅም አይደለም፤ የሚያጠና ሰው ሁለቱን ለይቶ መለካት ይኖርበታል።

መጽሐፍን የመጠበቅ ልማዳችን ከስንፍና የመጣ እንዳልሆነ ግን መመስከር እፈልጋለሁ። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ወራት ፈጅቶ የተጻፈ መጽሐፍ በገዳሙ ዕቃ ቤት በጥንቃቄ የተያዘው እንዲተርፍ ነው፤ ስለተጠበቀም ተርፎልናል። ችግሩ ያንኑ የጥበቃ መንፈስ ለአርባ ገጽ የልጆች ተረት ስንሰጠው ነው። የልጆች መጽሐፍ ጥርሱ የወለቀ፣ ጠርዙ የታኘከ ሆኖ ሲያልቅ ሥራውን ሠራ ይባላል።

ጥበቃውን የሚያጠናክረው ደግሞ የንብረት ሥርዓቱ ነው። ባየኋቸው ትምህርት ቤቶች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ መጻሕፍቱን የምትረከበው እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ነው፤ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ፣ በፊርማዋ። ዓመቱ ሲያልቅ ቆጠራ ይመጣል። አንድ መጽሐፍ ቢጎድል የምትጠየቀው እርሷ ናት። አንድም መጽሐፍ ባለመነበቡ ግን የሚጠይቃት የለም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ብልህ ሠራተኛ ምን ታደርጋለች? ትቆልፋለች። በሴራሊዮን ከታየው ጋር አንድ ነው፤ ሰዎቹ የታዘዙትን በትክክል ፈጽመዋል።

ቋንቋውም ሌላ ጉዳይ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ከደነገገ ሠላሳ ዓመት አልፏል። በብዙ መደርደሪያዎች ላይ ያለው ግን በእርዳታ የመጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፤ አንዳንዴም የሌላ አገር ሥርዓተ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደው የጀማሪ አንባቢዎች ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። በገዛ ቋንቋው ቃል መለየት ያልቻለን ልጅ የእንግሊዝኛ ኢንሳይክሎፒዲያ ፊት ማስቀመጥ የኬንያውን ጥናት በራስ ወጪ መድገም ነው።

በዚህ ረገድ የተሞከረ በጎ ነገር የለም አልልም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከአሜሪካ ተመልሰው በ1990ዎቹ የአገራችን አቆጣጠር የጀመሩት እንቅስቃሴ፣ በሾላ የተከፈተው የልጆች ቤተ መጻሕፍት፣ በሐዋሳ በአህያ የሚጎተተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በቀለም የታተመው «ሲሊ ማሞ»፣ ሁሉም የተነሡት ከአንድ ሐሳብ ነው፦ ልጁ ሊያነበው የሚችለው፣ ራሱን የሚያይበት መጽሐፍ በእጁ ይግባ። ኮድ ኢትዮጵያም በገጠር ከተሞች የማኅበረሰብ ንባብ ቤቶችን በማደራጀትና በአገር ውስጥ ቋንቋዎች መጻሕፍት በማሳተም ለዓመታት ሠርቷል። እነዚህ ሥራዎች ከፍቅር የተወለዱ ናቸው። በውጤት ላይ ያመጡት ለውጥ በዕጣ ቢፈተን ደስ ይለኛል፤ ፈተናው ለሥራው ያለንን ክብር አይቀንስም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ልጨምር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ ለሁሉም ነገር «ውጤት ይጨምራልን?» የሚል ጥያቄ ይቀርባል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከላይ ያየናቸው ሙከራዎች ያገኙት ትልቁ ለውጥ 50ኛውን ልጅ 55ኛ ያደረገ ነው። ቤተ መጻሕፍት ይህን ያህል የወረደ ውጤት በአንድ ጊዜ ያነሣል ብሎ ቃል የሚገባ ሰው ቤተ መጻሕፍትን አይጠቅምም፤ በሦስተኛው ዓመት ተስፋው ሲከሽፍ መጀመሪያ የሚዘጋው እርሱ ነውና።

ለተማሪዎቼ፣ በተለይ የማስተርስ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ፣ እዚህ ላይ ሥራ አለ። አንድ ወረዳ ለሃያ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ሊያድል ቢያስብና በጀቱ በመጀመሪያው ዓመት ለአሥሩ ብቻ ቢበቃ፣ የትኞቹ ይቅደሙ የሚለውን በዕጣ መወሰን ፍትሐዊ ነው፤ ለጥናትም ያመቻል። ማንም አይከለከልም፤ ተራ ብቻ ነው። ውጤት ከመለካታችሁ በፊት ደግሞ ሰንሰለቱን ቀለበት በቀለበት ለኩ። መጽሐፉ ከካርቶን ወጣን? ክፍሉ በሳምንት ስንት ሰዓት ተከፈተ? ልጁ መጽሐፉን ወደ ቤቱ ወሰደን? ወሰደ እንበል፤ ጮክ ብሎ ሲያነብ አንድ ገጽ ይዘልቃልን? ከእነዚህ በኋላ የፈተና ውጤት ይምጣ። የካርናታካው ዓይነት «ለውጥ የለም» የሚል ውጤት ሲገጥማችሁ የትኛው ቀለበት እንደተበጠሰ የምታውቁት ይህን ከመዘገባችሁ ብቻ ነው። የመዋሻ መዝገቡን አትናቁ፤ ርካሽ ነው፣ አሁንም በብዙ ትምህርት ቤቶች አለ። ሁለት ሦስት ትምህርት ቤቶች ሄጄ ገልጬዋለሁ፤ ነጭ ገጹም ራሱ መረጃ ነው።

ለርእሰ መምህሩ በመጨረሻ የላክሁት ገጽ የጠየቀውን ዐረፍተ ነገር አልያዘም። «ቤተ መጻሕፍት ውጤት ይጨምራል» አላልሁም። የጻፍሁለት እንዲህ ነው፦ አዲስ ሕንፃ አትሥራ። ገንዘቡን ከሦስት ክፈለው። ትልቁ ድርሻ በልጆቹ ቋንቋ ለተጻፉ፣ በደረጃ ለሚለዩ አጫጭር መጻሕፍት ይሁን፤ ከአንድ ርእስ ብዙ ቅጂ። ሁለተኛው፣ ከመምህራኑ መካከል ንባብ የምትወደውን አንዷን ክፍለ ጊዜ ቀንሰህላት ቤተ መጻሕፍቱን እንድትይዝ ለምታደርግበት ወጪ ይዋል። የቀረው ለየክፍሉ አንዳንድ ሣጥን መግዣ ይሁን። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል በየቀኑ የተወሰነ ደቂቃ ንባብ በሰሌዳው ላይ ይግባ፤ ደቂቃው ግን ከቋንቋ ክፍለ ጊዜ አይወሰድ። ክፍል የጠበበባቸው ወላጆች ተቃውሞም ትክክል ነው፤ ለዚህ ነው ግንብ አትሥራ የምልህ።

በዚያ ገጽ ላይ ከሁሉ ይበልጥ ያስቸገረኝ አንቀጽ የመጨረሻው ነበር። በመንግሥት ንብረት አያያዝ ቋሚ ዕቃና አላቂ ዕቃ የሚባል ልዩነት አለ። ጠመኔ አላቂ ነው፤ ጠመኔ ስላለቀ የሚቀጣ መምህር የለም። የልጆች የንባብ መጻሕፍት በአላቂነት እንዲመዘገቡ፣ በዓመት የተወሰነ ድርሻ ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ ከማንም ደመወዝ እንዳይቆረጥ አስቀድማችሁ በቃለ ጉባኤ ወስኑ አልሁት። ያን ሳታደርጉ መጻሕፍቱን ብትገዙ የያዘችው መምህርት መቆለፏ አይቀርም፤ እኔም ብሆን እቆልፋለሁ።

ኅብረቱ ተሰብስቦ የመጻሕፍቱን ግዢ አጸደቀ። አላቂ ዕቃ የሚለው አንቀጽ ግን ትምህርት ቤቱ ብቻውን የሚወስነው አልሆነም፤ በደብዳቤ ለበላይ አካል ተመራ። ባለፈው ሳምንት ስደውልለት ሣጥኖቹ መድረሳቸውን፣ መልሱ ግን አለመምጣቱን ነገረኝ። «እስከዚያው መጻሕፍቱን ማን ይፈርምባቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም፤ በዚህ አዳራሽ የፋይናንስና የንብረት አስተዳደር ባለሙያዎች ስላላችሁ፣ የጥያቄውን ጊዜ ከዚህ ብንጀምር ደስ ይለኛል።